የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ የጋዜጣ ፎቶ ከጀርባው ይነበባል

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ የሚያሳይ፣ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው «የ1940 ኦሪጅናል ነው» ይላል። ጀርባው ላይ የአሜሪካው የዜና ወኪል የዩ.ፒ.አይ. ማኅተም አለው። ልመነው?

መልስ፦ ፎቶው በ1940 ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢ ገንዘብ የሚያወጣው ግን ለወረቀቱ ዕድሜ ነው። ዩ.ፒ.አይ. የተመሠረተው ዩናይትድ ፕሬስና ኢንተርናሽናል ኒውስ ሰርቪስ በ1958 ሲዋሐዱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ማኅተሙ የተመታው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ብቻውን ሻጩን ውሸታም አያሰኘውም፤ የቆየ ፎቶ ከመዝገብ ወጥቶ ደግሞ ሲሠራበት አዲስ ማኅተም ይደረብበት ነበር።

እንግዲህ ወረቀቱን ይመርምሩ። ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን የአልትራቫዮሌት መብራት ተውሰው ጨለማ ክፍል ይግቡ፤ ከፎቶው አጠገብ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ያስቀምጡ። የፎቶው ጠርዝና ጀርባ እንደ ፕሪንተር ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ደግሞ በፎቶ ወረቀት ላይ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ካላበራ ግን አይቸኩሉ፤ ማንጫ የሌለው ወረቀት ከዚያም በኋላ ተሠርቷል። ርካሽ የቁልፍ መያዣ መብራቶች ለዓይን የሚታይ ሐምራዊ ብርሃንም ስለሚረጩ ያሳስታሉ፤ የፕሪንተር ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት ሠሪ የሚጠቀምበትን 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያንሡ። ምስሉ በተደረደሩ ነጠብጣቦች ከተሠራ ከመጽሔት ወይም ከመጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ነው፤ ይመልሱለት። ቀጫጭን አግድም መስመሮች ካሉት ግን አይጣሉት፤ በስልክ መስመር የተላለፈ ፎቶ ሊሆን ይችላል፣ አሶሼትድ ፕሬስ በ1935 የጀመረው ዓይነት። ፎቶውን አጋድመው ሲያዩት ጥቁሩ ቦታ ጠርዙ ላይ እንደ ብር ቢያብለጨልጭ የዕድሜ ምልክት ነው።

ጀርባው ላይ የተለጠፈች በታይፕ የተጻፈች መግለጫ ካለች አይላጧት፤ ግማሹ ዋጋ እሷ ጋ ነው። በፊቱ በኩል የሰው ፊት ዙሪያ ያለው ነጭ ወይም ግራጫ ቀለም ደግሞ እድፍ አይደለም፤ ጋዜጣው ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ሠዓሊ የቀባው ነው። አይጥረጉት፤ በምራቅ የራሰ ጥጥ እንኳ ያስለቅቀዋል።

ጥያቄ (ሐረር፣ ጀጎል)፦ ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን የተነሡ ፎቶዎች አሉኝ። እንደ ቱቦ ተጠቅልለዋል። ልተኩሳቸው?

መልስ፦ ካውያ አይንካቸው! ፎቶው የተጠቀለለው ምስሉን የያዘው ጄላቲን ደርቆ ስለተኮማተረ ነው፤ በጉልበት ሲዘረጉት ይሰነጠቃል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ታች እርጥብ ፎጣ ያንጥፉ፣ በላዩ ውኃ የማይነካው ወንፊት ያስቀምጡ፣ ፎቶውን ምስሉን ወደ ላይ አድርገው ይክደኑ። በየግማሽ ሰዓቱ ይመልከቱ። ሲለሰልስ አውጥተው በሁለት ንጹሕ መጣጭ ወረቀት መካከል፣ ከባድ መጻሕፍት ጭነው ሁለት ቀን ያቆዩት። ክዳኑ ላይ ጤዛ ካዩ ቶሎ ያውጡ፤ የወረደ ጠብታ ቀለም የተቀባውን ያበላሻል። የተለጠፈ መግለጫ ያለበትን በዚህ መንገድ አይሞክሩ፣ ማኅተሙና ሙጫው ሊፈቱ ይችላሉ።

በክረምት የሐረር እርጥበት ሻጋታ ያመጣል። ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ይምረጡ፤ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስና ገጹ የሚያጣብቅ አልበም ይራቁ፤ ጠንካራው ፖሊስተር ይሻላል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ የገዛሁትን ፎቶ ለካፌዬ ካላንደር ላሳትመው እችላለሁ?

መልስ፦ የገዙት ወረቀቱን ነው፤ የማባዛት መብቱ የፎቶ አንሺው ወይም የኤጀንሲው ነው። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ከፀሐይ ብቻ ያርቁት። ለካላንደሩ ፈቃድ ይጠይቁ።