ጨለማው ከየት ነው?

ጥያቄ፦ አባ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ዳዊት ስደግም ውስጤ ድቅድቅ ጨለማ ይሆንብኛል። ኃጢአቴ ይሆን? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ጨለማ ሁሉ አንድ አይደለም። 1ኛ ዮሐንስ 2፥11 ወንድሙን የሚጠላ በጨለማ ይመላለሳል ይላል፤ የተቀየምሽው ሰው ካለ፣ በውርስ ጉዳይም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ታረቂ። (በተዝካር ላይ ስንት ወንድማማች ሲኳረፍ አይቻለሁ!)

ዘፀአት 20፥21ን ግን ተመልከቺ፦ ሙሴ የቀረበው እግዚአብሔር ወዳለበት ጨለማ ነው። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከጠራራ ፀሐይ ስትገቢ የግድግዳው ሥዕል ወዲያው አይታይሽም፤ ዓይንሽ እስኪለምድ ትቆሚያለሽ እንጂ ተመልሰሽ አትወጪም። ያንቺ ኀዘን ከዚህኛው ወገን ይመስለኛል። ዳዊቱን አታቋርጪ፤ ሲያቅትሽ «አቡነ ዘበሰማያት» ይበቃል። ንስሐ አባትሽንም ቡና ጥሪያቸውና አጫውቻቸው።