የለካችሁትን ጻፉ

ውድ ልጆች፣

በአሜሪካ፣ በአፓላቺያ ተራሮች ሥር በድንጋይ ከሰል ማውጫ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማዕድን ምህንድስና የምትማሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ጋዝና ስለ ጣሪያ መደርመስ ነው። ልክ ናችሁ፣ ሁለቱም ይገድላሉ። ዛሬ ግን ስለ ውሃ ላውራችሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ማዕድን ውስጥም እንደዚያው ነው። የጣሪያው ጠብታ በዛ ይላል። ትናንት 8 ሰዓት የሠራው ፓምፕ ዛሬ 11 ሰዓት ይሠራል። ይህን የሚያውቀው ወርዶ የለካ ሰው ብቻ ነው።

ወጣት ሳለሁ የፓምፕ መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ሥራ በዛብኝና ሦስት ቀን ሳልወርድ የቀደመውን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በአራተኛው ቀን ዝቅ ያለው ክፍል በውሃ ተሞላ፣ ማሽኖች ሰጠሙ። ሰው አልሞተም። ግን አንድ የጥገና ሠራተኛ የእኔን መዝገብ አምኖ ወርዶ ነበር። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ "ትናንት ስንት ነበር?" ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

መዝገብ ለተቆጣጣሪ የሚሞላ ወረቀት ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2002 በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ውስጥ ኪውክሪክ በተባለው የከሰል ማዕድን የሆነውን ተመልከቱ። ከጎኑ ሳክስማን የሚባል፣ የተዘጋና ውሃ የሞላው አሮጌ ማዕድን ነበር። ሠራተኞቹ በያዙት ካርታ ላይ ገና 90 ሜትር ገደማ ይርቃል። ሐምሌ 24 ማታ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ማሽኑ ግድግዳውን በሳው፣ ከ50 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ውሃ ገባ። እዚያ የነበሩት ዘጠኙ መጀመሪያ ያደረጉት ስልክ አንስተው ሌላውን ቡድን "ውጡ!" ማለት ነው። ሌሎቹ ዘጠኝ በዚያ ጥሪ ተረፉ። የደወሉት ራሳቸው ከሦስት ቀን በላይ ከመሬት በታች ታግተው፣ በተቆፈረላቸው ጉድጓድ በሕይወት ወጡ።

ልብ በሉ፣ የአሜሪካ ሕግ ወደ ሌላ ማዕድን 60 ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ ከፊታችሁ ቢያንስ 6 ሜትር በመሰርሰሪያ እየፈተሻችሁ ሂዱ ይላል። ግን 60 ሜትሩ የሚለካው ከካርታው ነው። ካርታው ከተሳሳተ ሕጉም አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ካርታ ሲሰጣችሁ መቼ ተሠራ፣ ማን ለካው፣ ከዚያ ወዲህስ ቆፍረዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካጠራጠራችሁ ሕጉ ባያስገድዳችሁም ሰርስሩ። አንድ ፈረቃ ቢባክን ይባክን።

በ1959 ደግሞ እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ ኖክስ ማዕድን ላይ፣ ቁጥሩ ይታወቅ ነበር። ከሰስኩሃና ወንዝ ሥር ከ10 ሜትር በላይ ድንጋይ መተው ነበረባቸው። አልፈውት ቆፈሩ። ወንዙ ገባ፣ 12 ሰው ሞተ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወደ ውጭ የምታወጡት ውሃም አለ። ከሰል ውስጥ ያለው ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውህድ አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፣ ብረትም ያሟሟል፣ ወንዙን ብርቱካናማ ያደርገዋል። በአሜሪካ ለነባር የከሰል ማዕድን በየትኛውም ቀን የብረቱ መጠን በሊትር ከ7 ሚሊግራም፣ የወሩ አማካይ ደግሞ ከ3.5 መብለጥ የለበትም። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹም፣ ከ6 እስከ 9 መሆን አለበት። አሲዱን ለማብረድ ኖራ ከተጨመረ በኋላ ውሃው ሲጠራ ጠብቆ ናሙና መውሰድ ያጓጓል። አታድርጉት። ውጤቱ ከገደቡ ካለፈ በዚያው ቀን ራሳችሁ ለተቆጣጣሪው ደውሉ። ታች ያለው ሰው ያንን ወንዝ ከብቱን ያጠጣበታል።

አንዳንዶቻችሁ ነገ ወደ አገራችን የከሰል ቦታዎች፣ ወደ ያዩ ወይም ወደ ደልቢ፣ ትሄዱ ይሆናል። ከአንድ ጉድጓድ ለመጨረሻ ጊዜ ስትወጡ፣ ቁፋሮው የቆመበትን ቦታ ለኩ። ካርታው ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ አንድ ቅጂ ለመንግሥት ቢሮ ስጡ። ከ40 ዓመት በኋላ ከጎኑ የሚቆፍረው ልጅ የሚያየው እሱን ነው።