ጋሼን ጠይቁ፦ የካቶሊኮቹ ነገር

የአስኮ ልጆች ጠየቁ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እየመቱ ያደጉት ጋሼ መለሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መቼ ተጀመረ?

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ሳትኖር ነው የተጀመረው። አቡነ ማስያስ የሚባሉ ጣሊያናዊ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ሸዋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ፊንፊኔ፣ ብርብርሳ ላይ ቦታ ሰጧቸው። ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ ያለበት አካባቢ መሆኑ ነው። ሰውየው ፈንጣጣም ይከትቡ ነበር። ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ «ይውጡልኝ» አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ወጡ። ከተማዋ ደግሞ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ በመሃሉ ግን ሰባት ዓመት አለ። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል መሰላችሁ! ዘመን አትደባልቁ።

ጥያቄ፦ ቅዳሴያችሁ በላቲን ነው አይደል?

ጋሼ፦ ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የግዕዝ ሥርዓት አለን እኮ! ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ነጠላው። ልጅ ሳለሁ ከበሮው ከኔ ይበልጥ ነበር፤ ማንገቻው አንገቴን ይልጠኝ ነበር። ገናንም ታኅሣሥ 29 ነው የምናከብረው። የላቲን ሥርዓት የሚከተሉም አሉ፣ በተለይ ደቡብ። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የወጣው የት ነው? ሮም! እ.ኤ.አ. በ1513። ቫቲካን ቅጥር ውስጥም የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። «የፈረንጅ ሃይማኖት» የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ይሄን ይመልስልኝ።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ያለው ባዶ ቦታ የማነው?

ጋሼ፦ ክፍለ ከተማ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጠቅለል አድርገው ስለ ካቶሊክ ቢነግሩን?

ጋሼ፦ ጠቅለል ምንድን ነው? ጥያቄ ይዘህ ና።

የኮልፌው፦ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ሆኖ ያን ሁሉ ሕዝብ አላስፈጀም? ይሄን ለምን ያልፉታል?

የጉለሌዋ፦ እሱ የኢየሱሳውያን፣ የዚያን ጊዜዎቹ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጣጣ ነው። ማስያስ የመጡት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

የኮልፌው፦ ሃይማኖቱ ያው አይደል?

የጉለሌዋ፦ አንተስ ፊደል የቆጠርከው ካቶሊክ ትምህርት ቤት አይደል?

ጋሼ፦ ኧረ ቆዩ! ደም መፍሰሱን ማንም አልካደም። ለዚህም ነው በ1632 ሃይማኖቱን መልሶ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል የለቀቀው። ሁለቱም ቁጥር ግን እ.ኤ.አ. ነው። ዘመን አትደባልቁ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መቼ ተጀመረ?

ጋሼ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ አነበብኩ። ማስያስ በ1879 ዓ.ም. ሲባረሩ...

ጋሼ፦ እ.ኤ.አ.! እ.ኤ.አ.! በቃ፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ።