«ዕድልሽ ነው» እየተባልኩ ልኑር?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ለትምህርት ተብዬ ከገጠር ወደ አክስቴ ተላክሁ። መማሩንስ ተምሬያለሁ። ግን ቤት ስጠርግ፣ ልጅ ሳዝል፣ ስመታ ነው ያደግኩት። አክስቴ በማማሰያ ትመታኛለች። ባሏ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እኔ ወደምተኛበት ማድ ቤት ይመጣ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ማን ያምነኛል?

በ22 ዓመቴ አገባሁ። ባሌም ይመታኝ ነበር፤ አራት ዓመት ችዬ ወጣሁ። ከዚያ ሥራ ስይዝ አለቃዬ እጁን አልሰበስብ ሲል ለቀቅኩ። አሁን አንድ ሰው ይዣለሁ። ሲበዛ ያስብልኛል። ግን ስልኬን ይፈትሻል፤ ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ያኮርፋል፤ ባለፈው ወር በጥፊ መታኝ። ወዲያው እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

እናቴን ሳማክራት «ዕድልሽ ነው ልጄ፣ ቻይው። ይሄንንም ካባረርሽ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ።

ግንባሬ ላይ የተጻፈ ነገር አለ? ለምንድን ነው እንዲህ ዓይነት ሰው ሁሉ እኔን የሚያገኘኝ? የልጅነቴን ታሪክስ ለእሱ ልንገረው? ምናልባት ካወቀ ያዝንልኛል።

ስሜ ይቆይ

*

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት፣ አምንሻለሁ። ማድ ቤት ውስጥ የደረሰብሽ ወንጀል ነው። ጥፋቱም የዚያ ሰውዬ ነው።

ግንባርሽ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ግን «አጋጣሚ ነው» ብዬም አልዋሽሽም። በልጅነቱ ጥቃት የደረሰበት ሰው ካደገ በኋላም እንደገና የመጎዳት ስጋቱ ከፍ እንደሚል በብዙ ጥናት ታይቷል። አሜሪካ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር። ከዚሁ ጥናት ተነስቶ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ትንታኔ እንዳሳየው፣ በልጅነታቸው መደበደብ፣ ወሲባዊ ጥቃትና እናታቸው ስትመታ ማየት ሦስቱም የደረሰባቸው ሴቶች በፍቅር አጋራቸው የመጠቃት ስጋታቸው ወደ 3.5 እጥፍ ይጨምራል።

ለምን? ሌላ ልጅ ስትመታ እያለቀሰች ወደ እናቷ ትሮጣለች። አንቺ የምትሮጪበት አልነበረሽም። ስለዚህ ሰውነትሽ ሌላ ነገር ተማረ፤ ዝም ማለት፣ መድረቅ፣ ቁጣው እስኪበርድ የሰውየውን ፊት እያዩ መጠበቅ። ያኔ ያተረፈሽ ይሄ የተማረው ነገር ነው። ዛሬ ግን ጭስ የለመደ ዓይን ቶሎ እንደማያነባ ሁሉ፣ ሰውነትሽ አደጋ ሲመጣ ቶሎ አይነግርሽም። ስልክ መፈተሽ ሌላዋን ሴት ያስደነግጣታል። አንቺ ካየሽው አንጻር ግን ቀላል ነው፤ እንዲያውም ፍቅር ሊመስል ይችላል። «ሲበዛ ያስብልኛል» ያልሽው ላይ ስደርስ ልቤ የፈራው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ካንቺ ውጭ ነው፤ ለእኔ ዋናውም ይሄ ነው። ጉልበተኛ ሰው ይመርጣል። በትንሹ ይሞክርሻል፤ ዝም ካልሽ ይጨምራል። የምትጠጋበት የሌላት፣ ቤተሰቧ «ቻይው» የሚላት ሴት ትመቸዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይሄ ሁሉ ሴት ዕድሏ ሆኖ ነው የተመታችው? እናትሽን አልወቅስም፤ እሷም ይሄንኑ ስትሰማ ሳታድግ አልቀረችም። ምክሯን ግን አትቀበይ።

ደግሞ ስጋቱ ጨመረ ማለት የግድ ይሆናል ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ከትዳር ወጥተሻል። አለቃሽንም ትተሽ ሄደሻል። ያንን ያደረገ ሰው አቅም የለውም አትበይኝ።

አሁን ወደ ሽማግሌው። ባይመጣ ይሻላል። «ጊዜ እፈልጋለሁ» በይው። ይሄን ግን ብቻችሁን ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትንገሪው፤ በስልክ ወይም ሰው ባለበት ይሁን። ለአንድ የምታምኛት ጓደኛ ቀድመሽ ንገሪያት፣ የት እንዳለሽ ትወቅ። ሴቷ ልትርቅ ስትል የሚብስባቸው ወንዶች አሉና። ቢያስፈራራሽ ወይም ቢመታሽ፣ ባታገቢውም ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ማመልከት ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሕግ ምክር በነጻ ይሰጣል። ማደሪያ ብትቸገሪ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ።

የልጅነትሽን ታሪክ ለእሱ አሁን አትንገሪው። ላለመምታት ታሪክሽን ማወቅ አያስፈልገውም። በጥፊ የመታ ሰው በሚቀጥለው ጠብ ያንኑ አንስቶ ሊሰድብሽ ይችላል። መጀመሪያ የሚሰማሽ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይሁን፤ በመንግሥት ሆስፒታሎችም ይገኛል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማውራት የለብሽም። የአሁኑን ሰውዬ ጉዳይ ብቻ ይዘሽም መጀመር ትችያለሽ።

ቀኑ ይራዘም ስትዪው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።