«ኦፕቲክስ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ

«በፊዚክስ ተመርቄያለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በኦፕቲክስ፣ በብርሃን ጥናት ነበር። ቤተሰቦቼ አስተማሪ ሁኚ ይሉኛል። እኔ ግን ብርሃንና ምስል ላይ መሥራት ነው የምፈልገው። አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ወይ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ሥራው አለ፤ በዚያ ስም ግን አታገኚውም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ኦፕቲክስ» የሚል ቃል ስትፈልጊ ብትከርሚ የሚደክመው ዓይንሽ ነው። ይልቅ ሌንስ ያለው ማሽን የት የት እንዳለ ቁጠሪ።

አንድ ጊዜ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ላብራቶሪው ጥግ ላይ «ተበላሽቷል» የተባለ ማይክሮስኮፕ አቧራ ይጠጣል። 10 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ሲታይ ጥርት ያለ ነው፣ በ40ው ግን ጉም። ጓደኛዬ የ40ውን ሌንስ ፈትቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ጫፉ ላይ ዘይት ደርቆ ተጋግሯል። ወባ ሲመረመር ዘይት የሚንጠባጠበው ለ100 ሌንስ ነው፤ ናሙናው ባለበት መስታወትና በሌንሱ መካከል አየር ካለ ብርሃኑ ታጥፎ ስለሚያመልጥ። 40ው ደረቅ ሌንስ ነው። አንድ ሰው ከ100 ወደ 40 ሲመለስ ዘይቱን ጎትቶበታል፣ አለቀ። በሌንስ ወረቀትና በማጽጃ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ያኔ ትዝ ያለኝ ክፍል ውስጥ የተማርነው የብርሃን ስብራት ነው። ፈተና ላይ ጽፈነው የረሳነው!

ደስ የማይልሽን ነገር ልንገርሽ። ሆስፒታሎች ለጥገና ሲቀጥሩ «ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ» ብለው ነው የሚያወጡት፤ የፊዚክስ ዲግሪሽ ገና በወረቀት ማጣሪያ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ አስመጪ ድርጅቶችንም አንኳኪ። ማሽኑን የሚተክል፣ ለሐኪሙ የሚያሳይ፣ ሲበላሽ የሚሮጥ ሰው ይፈልጋሉ። የዓይን ክሊኒኮች የሚጠቀሙበትን ኦ ሲ ቲ የሚባል የምስል ማንሻ ማሽን ለምሳሌ ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ ቴክኖሎጂ ነው። አልትራሳውንድ በድምፅ የሚሠራውን ይህ በብርሃን ይሠራዋል፤ የሬቲናን (ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ንብርብሮች ሳይቆርጥ ቆርጦ ያሳያል። ውስጡ ያለው ያንቺው የብርሃን መጠላለፍ፣ ኢንተርፌረንስ ነው። ይህን ለአንድ የዓይን ሐኪም በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ ሻጩ ሁሉ የማይችለውን ችለሻል።

ማሽን መፍታት ካልወደድሽ ደግሞ ምስሉ አለልሽ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1፣ የታሰበችው ለእርሻና ለአካባቢ ምስል ነበር። ጤነኛ ቅጠል ለዓይናችን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን በብዛት ይመልሳል፤ የታመመው ይቀንሳል። ከሳተላይት ምስል ላይ ይህን ማንበብ የሚችል ሰው ግብርናውም፣ ውሃውም፣ ካርታ ሥራውም ይፈልገዋል። ለዚህ ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያስፈልግሻል። ኢሜጅ ጄ የሚባለው የምስል መተንተኛ ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል፤ ለማይክሮስኮፕ ምስል ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለቱንም ባንዴ አትጀምሪ። እኔ ብሆን ከማይክሮስኮፑ እጀምር ነበር፤ በእጅሽ የምትነኪው ነገር ስለሆነ። የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ሄደሽ አሮጌ ማይክሮስኮፖቹን ላጽዳ፣ ላስተካክል ብለሽ ጠይቂ። እምቢ የሚል ያለ አይመስለኝም። ሌዘር ያለበትን መሣሪያ ግን ሳይሠለጥኑ መክፈት የለም፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል። ከእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ያየሽውን በስልክሽ አንሺ፣ ችግሩን በሁለት መስመር ጻፊ።

አሥር ማይክሮስኮፕ ሲሞላልሽ ላኪልኝ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምትችል» የሚለውን ከሲቪሽ አውጥተን እሱን እናስገባበታለን።