በሰዓትህ ፊት ላይ የማን ስም ይጻፍ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ለምደነዋል። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ግን ግድ የለውም። ባትሪ የለው፣ ቻርጅ አይፈልግ፤ እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ራሱን እየሞላ ይሄዳል። ባለፈው ይህንኑ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጠላቂ ሰዓት መልክ ያለውን ሰዓት ከዕቃ ገጣጥሜ እንደሠራሁት ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ግማሹ "እኔም ጀምሬያለሁ" ይላል። ግማሹ "ጀምሬ አበላሽቻለሁ" ይላል። ሁለተኞቹን ይበልጥ እወዳቸዋለሁ።

በቃላት እንግባባ። ሞተር የምለው ውስጡን ነው። ቀፎ ማለት ሞተሩ የሚቀመጥበት ብረት ነው። ፊት ደግሞ ቁጥሩ ያለበት ሳህን።

ከለገጣፎ፦ "ጋሼ፣ የድሮውን ሮሌክስ ሰብማሪነር የሚመስል ሰዓት ራሴ ልገጣጥም ነው። ሮሌክስ የሚል የተጻፈበት ፊትም ኦንላይን አግኝቻለሁ። ለራሴ ነው፣ አልሸጠውም። ምን ችግር አለው?"

መልኩ ምንም ችግር የለውም። ሰብማሪነር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ጥቁር ፊት፣ ክብ ክብ ነጥብ፣ በዙሪያው የሚዞር ቀለበት። ከዚያ ወዲህ ይህን መልክ ያልተዋሰ ሰዓት ፋብሪካ ጥቂት ነው። አንተም ብትዋስ ነውር የለውም።

ስሙ ላይ ግን አልስማማም። እስቲ አስበው። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ዓይንህን አፍጥጠህ ሠርተህ፣ ጓደኛህ "ኦሪጅናል ነው?" ሲልህ "አይ፣ ፌክ ነው" ልትል ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስም የሌለው ፊት ብታደርግበት ግን "ራሴ ነኝ የሠራሁት" ትላለህ፤ ጨዋታው ከዚያ ነው የሚሞቀው። ደግሞ "አልሸጠውም" ብለህ የማልከው አንተ ነህ፤ ሰዓቱ አልማለም። ይሰረቃል፣ ይወረሳል፣ በስጦታ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ምስኪን ኦሪጅናል መስሎት የወር ደመወዙን ይከፍልበታል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚባል ሕግ እንዳለንም አትርሳ።

አሁን ወደ ዕቃው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1989 ገደማ የተሠራው 5513 የሚባለው ሰብማሪነር ቀን አያሳይም። የእሱን መልክ ከፈለግህ የሲኮ ቤተሰብ የሆነውን ኤንኤች35 ሞተር አትግዛ። እሱ ቀን አለው። ቀን የሌለው ፊት ስትገጥምበት ቀኑ ከታች ተደብቆ ይዞራል፤ መሙያውን ስትስበውም ምንም የማይሠራ ባዶ እርከን ይቀርብሃል። ኤንኤች38 ከመጀመሪያው ያለ ቀን የተሠራ ወንድሙ ነው። ሁለቱም 24 የሩቢ ድንጋይ አላቸው፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፣ ሞልተህ ብታስቀምጣቸው 41 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ።

ከኮዬ ፈጬ፦ "ከፎቃችን ሥር ግንባታ አለ። መስታወቱን በዘጋሁ ቁጥር ውስጡ ብናኝ አገኛለሁ። አምስት ጊዜ ከፈትኩት። ላብድ ነው።"

አምስት? እኔ አንዱን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቻለሁ። መታጠቢያ ቤት ግባ፤ እውነቴን ነው። ሙቅ ውሃ ለቀቅ አድርግና በሩን ዝጋ። እንፋሎቱ አቧራውን ይዞት ይወርዳል። ሰዓቱን ይዘህ የምትገባው ግን እንፋሎቱ ጨርሶ ከረጋ በኋላ ነው፤ ሞተር እርጥበት አይወድም። ጋቢህንና ሹራብህን አውልቅ። የብዙ ሰው ብናኝ የሚመጣው ከግንባታው ሳይሆን ከራሱ ጋቢ ነው። በአፍህ እፍ እንዳትል፤ ምራቅ ፊቱ ላይ ከደረቀ አይለቅም። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ተጠቀም። ከመዝጋትህ በፊት የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት። ከላይ ሲበራ የማይታየው ሁሉ ከጎን ሲበራ ይታያል። እኔ ደግሞ ዋናውን ሥራ ለክረምት አቆያለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዘጋኋቸው ሰዓቶች ሁሉ ንጹሕ ናቸው።

ከቡራዩ፦ "ፊቱም ጠቋሚዎቹም ኢቲኤ 2824 ለሚባለው የስዊስ ሞተር የተሠሩ ናቸው። የእኔ ሞተር ኤንኤች35 ነው። የፊቱ እግሮች ቀዳዳ አጡ። የሰከንዱ ጠቋሚ ደግሞ ይቀመጥና ይወድቃል።"

ሁሉም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ከፊቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ቦታቸው እንደ ሞተሩ ይለያያል። እግሮቹን በትንሽ መቁረጫ ቁረጥ፣ ሥራቸውን በሞረድ አስተካክል፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት በኩል በሚያጣብቁ ትናንሽ ነጥቦች ሞተሩ ላይ ለጥፈው። ሲለጠፍ 12 ቁጥሩ ቀጥ ማለቱን ሦስቴ እይ። የሰዓትና የደቂቃ ጠቋሚዎቹ ችግር የለባቸውም፤ ቀዳዳቸው በሁለቱም ሞተር 1.50 እና 0.90 ሚሊ ሜትር ነው። የሰከንዱ ግን ለኢቲኤ 0.25፣ ለኤንኤች 0.20 ነው። የሚወድቅብህ በዚያች በአምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። በሙጫ እንዳትሞክረው! ሙጫው ወደ ዘንጉ ከወረደ ሞተሩን ቀበርከው ማለት ነው። ሌላ ጠቋሚ ግዛ።

ከሱሉልታ፦ "አያቴ ወታደር ነበሩ። ሰዓታቸው ከሣጥን ሥር ተገኘ። ቁጥሮቹ ላይ ቡናማ የሆነ ቀለም አለ፤ ድሮ በጨለማ ያበራ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ፊቱን አውጥቼ አዲስ ቀፎ ውስጥ ላስገባው አስባለሁ። ቀለሙንም ፍቄ አዲስ ልቀባው።"

እህቴ፣ እባክዎ አይክፈቱት። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ የሚያበራው የሰዓት ቀለም ብዙውን ጊዜ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ነበረበት። "አሁን አያበራም፣ አልቋል" እንዳይሉ። ያለቀው አብሮት የተቀላቀለውና ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት ነው። ራዲየሙ ኃይሉ በግማሽ እንዲቀንስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በነበረ ፋብሪካ የሰዓት ፊት የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር። መንጋጋቸው እየተበላ የሞቱ አሉ። ሰዓቱ ተዘግቶ ሲቀመጥና ቀለሙ ተፍቆ ብናኙ ሲተነፈስ አንድ አይደለም። ክፉው መፋቁ ነው።

ፊቱ ግርጌ ላይ ስዊስ ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ "ቲ" የምትባለዋ የላቲን ፊደል ካለች ቀለሙ ትሪቲየም ነው፤ እሱ በ12 ዓመት ገደማ ነው በግማሽ የሚቀንሰው። ፊደሏ ከሌለችና ሰዓቱ ያን ያህል አሮጌ ከሆነ ግን ራዲየም ነው ብለው ይያዙት። ከልጆች ያርቁት፣ ለሰዓት ሠሪም ሲሰጡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ደግሞስ ለምን ይበታትኑታል? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ አንድ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። የአያትዎ ሰዓት ያን ያወጣል አልልም። ግን የሁለቱም ዋጋ ያለው ማን እንዳሰረው ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ሲቀባ ይጠፋል። ምን መሰለዎት፣ አምሳያውን ይሥሩ! በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሡት፣ ስፋቱን በካሊፐር ይለኩ፣ ፊቱን በዚያው መልክ ያሳትሙ። ለእንደዚያ ያለ ትንሽ ቀፎ በእጅ የሚሞላው ኢቲኤ 2801 ይስማማል፤ ስፋቱ 25.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዱን ያስራሉ፣ አንዱ ሣጥኑ ውስጥ ያርፋል። አስመስሎ መሥራት ከልቤ ደስ የሚለኝ እንዲህ ሲሆን ነው።

ከሰበታ፦ "የግዕዝ ቁጥር ያለው ፊት ማሠራት እፈልጋለሁ። ግን ሰዓቱ በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር እንዲሄድ ሌላ ሞተር ያስፈልገዋል? ቀኑስ በእኛ ይሆናል?"

የዚህ ወር ምርጥ ጥያቄ! ሌላ ሞተር አያስፈልግህም። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ የክቡ ግማሽ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ጠቋሚዋን ፩ ላይ አድርጋት፣ በቃ። ብዙዎቻችን የፈረንጁን ሞልተን ከጠቋሚዋ ትይዩ ያለውን ቁጥር ስናነብ ነው ያደግነው፤ አባቴ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የሚያነቡት።

ሁለቱንም ባንዴ ከፈለግህ ግን ዘዴ አለ። ሰዓቱን በፈረንጅ ሙላው። የዙሪያውን ቀለበት የ60 ደቂቃውን ትተህ ከ1 እስከ 12 የተጻፈበትን ግጠምለት። ከዚያ ቀለበቱን ግማሽ ዙር አዙረህ 12ቱን ታች አምጣው። ጠቋሚዋ ፊቱ ላይ 9ን ስታሳይ ከውጭ ቀለበቱ ላይ 3ን ታሳያለች። የቢሮ ስብሰባህን ከውስጥ፣ የሠርግ ጥሪህን ከውጭ ታነባለህ።

ቀኑ ነው ጉዱ። የሞተሩ የቀን ሳህን ከ1 እስከ 31 ይቆጥራል። የፈረንጁ ወር አንዳንዴ ስለሚያጥር እነሱ በዓመት 5 ጊዜ በእጃቸው ያስተካክላሉ። የእኛ ወር ሁሉ 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ 31ን አንድ ጊዜ ማስዘለል አለብህ። እስከ ነሐሴ 12 ጊዜ መሆኑ ነው። ጳጉሜ ደግሞ 5 ላይ ሲያልቅ ሳህኑ 6 ይልሃል፤ መስከረም 1ን ለማምጣት 26 ጊዜ ታዞራለህ። የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥራ ይሁንህ፤ እኔ ቡናው እስኪፈላ እጨርሳለሁ። ከመንካትህ በፊት ግን ጠቋሚዎቹን ወደ ታችኛው ግማሽ፣ ወደ 6 አካባቢ አውርዳቸው። ቀን ሊቀየር ሲል በግድ ካዞርከው ጥርሱ ይሰበራል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሞተሩ ቀን የሚቀይረው ጠቋሚዎቹ በየሁለተኛው ዙር 12 ላይ ሲገናኙ ነው። በፈረንጅ አሞላል ያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በሐበሻ ከሞላኸው ግን ወይ ንጋት 12፣ ወይ ምሽት 12 ላይ ይቀየራል፤ ምርጫው ያንተ ነው። እኔ ንጋትን መርጫለሁ። ጎህ ሲቀድ ቀኑ ጠቅ ብሎ ይቀየራል።

ፊቱን ስታሠራ ፲፩ እና ፲፪ ሁለት ሁለት ፊደል መሆናቸውን አስብ። ለአንድ ምልክት በተተወ ቦታ ከተጨናነቁ ከሩቅ አይለዩም። ስምም ካስፈለገህ የሰበታን ጻፍበት፣ ማን ይከለክልሃል?

ከገላን፦ "የሠራሁት ሰዓት ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት በቀን አምስት ደቂቃ መቅደም ጀመረ። ሞተሩ ሞተ?"

ድምፅ ማጉያ አጠገብ ወይም የማግኔት ክዳን ያለው የስልክ ልባስ ላይ አሳድረኸዋል? ማግኔት ይዞታል። ፀጉር የምታክለዋ ጥቅል ሽቦ እርስ በርሷ ትጣበቃለች፤ ያጠረች ያህል ስለሚሆን ምቱ ይፈጥናል። ኮምፓስ አስጠጋው፤ መርፌዋ ከተወዛወዘች አገኘኸው። ማግኔት ማስለቀቂያ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ደቂቃ አይፈጅም። ድሮ ፒያሳ የነበሩ፣ አሁን አያት አካባቢ የተቀመጡ የማውቃቸው ሰዓት ሠሪ ለእኔ በነፃ ነው ያደረጉልኝ። "የዘንድሮ ሰዓት በሽታ ሁሉ ስልክ ነው" ይላሉ። በቀን 30 ሰከንድ ከቀደመ ግን ዝም በለው፤ ኤንኤች35 ከፋብሪካው የተፈቀደለት በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው።

ከዱከም፦ "ቀለበቱን ያረጀ ለማስመሰል በረኪና ይሠራል ሲሉ ሰማሁ።"

ይሠራል፣ አሉሚኒየም ከሆነ። ሴራሚክ ላይ በረኪና ብታፈስ በረኪናህን ነው የምትጨርሰው። ቀለበቱን ከሰዓቱ ነቅለህ አውጣ፣ መስኮት ክፈት፣ ከሌላ የጽዳት ዕቃ ጋር አትደባልቅ። በየደቂቃው እያወጣህ እይና በውሃ እጠበው። ጥቁሩ ግራጫ ሲሆን ያምራል፤ ትንሽ ካለፈ ግን ነጭ ብረት ይሆንልሃል። የነጩን ነጥብ ቀለም በጥቁር ቡና የሚያጠቁሩም አሉ። ሞክሬዋለሁ። ቡናውን ብጠጣው ይሻለኝ ነበር።

ከጀሞ፦ "ለባለቤቴ ሰዓት ሠርቼለት ልደቱ ላይ ልሰጠው ነው። ፊቱ ላይ ምንም ስም የለም፤ ባዶ ሆነብኝ። ምን ላጽፍበት?"

ፊቱን ተዪው። ጀርባውን አስቀርጪ። ተዋናዩ ፖል ኒውማን የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ነበር። ሚስቱ ጆአን ዉድዋርድ ሮሌክስ ዴይቶና ገዝታ ጀርባው ላይ "ተጠንቅቀህ ንዳ፣ እኔ" የሚል አስቀረጸችበት። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በ17.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ያቺን ሦስት ቃል የጻፈችው ፋብሪካው አይደለም። አንቺም ቤት ውስጥ የምትዪውን ጻፊ፤ "ቶሎ ግባ" ብትዪውስ? ቀራጩ ጋ ስትሄጂ ግን ክዳኑን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ሰዓቱን ከነሞተሩ እንዳትሰጪው። ስትመልሺው ደግሞ የጎማ ቀለበቷ ቦታዋ ላይ መሆኗን እይ፤ የእኔ ስትዘጋ ተቆርጣብኝ መጀመሪያ እጄን የታጠብኩ ቀን ነው ውሃ የገባው።