መልስ፦ ቆዳው ሳይቀደድ ወለምታ ለምን ያብጣል?

ወንድሜ፣ ፒያሳ ደረጃ ላይ ወለም ብሎህ «ቁስል የለም፣ ጀርም አልገባም፤ ታዲያ ለምን አበጠ?» ላልከው፦ ጀርም የግድ አያስፈልግም። የሰውነት ተፈጥሯዊ መከላከያ ጉዳትንም ያነፈንፋል። ሴል ሲፈነዳ ውስጡ መቆየት የነበረበት ኤቲፒ (የሴል የኃይል ሞለኪውል) ወደ ውጭ ይፈሳል። በአካባቢው ያለው ማክሮፋጅ (የመከላከያ ሴል) ፒ2ኤክስ7 በተባለ ተቀባይ ሲይዘው ፖታሲየም ከማክሮፋጁ ይወጣል፤ የፖታሲየሙ መጉደል ኤንኤልአርፒ3 የተባለውን የአደጋ ጠቋሚ ፕሮቲን ያነቃል፣ እሱም ካስፔስ-1 የተባለውን ቆራጭ ኢንዛይም። ካስፔስ-1 ጥሬውን ኢንተርሉኪን-1 ቤታ (ብግነት የሚቀሰቅስ መልእክተኛ ፕሮቲን) ቆርጦ ለሥራ ያበቃዋል። ጥሬው ግን አስቀድሞ መመረት አለበት፤ ለዚያ እንደ ቲኤልአር4 ባሉ ተቀባዮች በኩል ሌላ ምልክት ይመጣል። በሩ ሁለት ቁልፍ ያለው በከንቱ እንዳይከፈት ነው። (ሪህም በዚሁ መንገድ ነው የሚቀሰቀሰው፤ ቀስቃሹ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ነው።)

እብጠቱ ራሱ ከደም ሥር የሚመጣ ነው፦ ማስት የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ሲለቁ ሥሩ ይሰፋል፣ ፈሳሽ ያሳልፋል። ኒውትሮፊሎች (ነጭ የደም ሴሎች) በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ።

ስለ ወጌሻ ለጠየቅከው፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት አጥብቆ ማሸት ተጨማሪ ሴል ያፈነዳል፣ ደምም ያፈስሳል፤ ይቅርብህ። 4 እርምጃ መራመድ ካቃተህ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመህ ራጅ ተነሳ።